የበርሊን ግንብ ጥላ ያረፈበት አልበም፦ የዴቪድ ቦዊ “ሂሮስ” እንዴት ተወለደ?

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1977 ነው። በምዕራብ በርሊን፣ ኮተነር በተባለ ጎዳና ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዳ አንድ አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። በውስጡ ሙዚቀኞች ዘፈን ይቀዳሉ። ከድምፅ መቆጣጠሪያው ክፍል በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከቱ የሚታያቸው ግን የተለመደው የከተማ ግርግር አይደለም። አረም የበቀለበት ባዶ ሜዳ፣ ከሜዳው ባሻገር የኮንክሪት ግንብ፣ ከግንቡ በስተጀርባ የጥበቃ ማማ፣ በማማው ላይ ደግሞ መሣሪያ የታጠቁ የምሥራቅ ጀርመን ወታደሮች ይታያሉ።

የአልበሙ ተባባሪ ፕሮዲዩሰር ቶኒ ቪስኮንቲ ለዓመታት ደጋግሞ እንደተረከው፣ ወታደሮቹ በመነጽር ወደ ስቱዲዮው ይመለከቱ ነበር። አንድ ጊዜ የስቱዲዮው የድምፅ ባለሙያ የጠረጴዛ መብራት አንሥቶ ወደ ማማው ሲያበራ፣ ቪስኮንቲ እና ድምፃዊው ዴቪድ ቦዊ ደንግጠው ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ሥር ተደበቁ። ለበርሊኑ ባለሙያ ነገሩ ቀልድ ነበር። ለሁለቱ እንግዶች ግን ከጥይት ርቀት ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ መሥራት ገና አልተለመደላቸውም።

ከዚያ ክፍል የወጣው “ሂሮስ” (ጀግኖች) የተሰኘው አልበም ዛሬ ከሙከራዊ የሮክ ሙዚቃ ዐበይት ሥራዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜም የበርሊንን ግንብ ያወገዘ የፖለቲካ ሥራ እንደሆነ ይነገርለታል። ወደ አልበሙ አሠራር ጠጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ግን እውነቱ ከዚህ ይለያል። የተከፈለችው ከተማ ለቦዊ መፈክር አልሰጠችውም። የሰጠችው መሸሸጊያ፣ የድምፅ አዳራሽ፣ የአሠራር ነፃነት እና ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀግንነትን የሚለካበት አዲስ መስፈሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሌላ አገር መካከል የቀረች ከተማ

ናዚ ጀርመን በ1945 ስትሸነፍ አሸናፊዎቹ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ እና ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ለአራት ተከፋፈሏት። ዋና ከተማዋ በርሊን በሶቪየት ይዞታ መካከል ብትገኝም እርሷም እንዲሁ ለአራት ተከፈለች። በ1949 ሁለት የጀርመን መንግሥታት ሲመሠረቱ የሦስቱ ምዕራባውያን ይዞታ የነበረው ምዕራብ በርሊን፣ በምሥራቅ ጀርመን መሬት ተከብቦ እንደ ደሴት ቀረ።

ለምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ይህች ደሴት ራስ ምታት ነበረች። ከ1949 እስከ 1961 ባሉት ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ዜጎቹ አገራቸውን ጥለው ወደ ምዕራብ ሄደዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በበርሊን በኩል የተሻገሩ ነበሩ። መንግሥቱ ይህን ፍልሰት ለማቆም በኦገስት 13 ቀን 1961 ሌሊት የከተማዋን መተላለፊያዎች በእሾሃማ ሽቦ መዝጋት ጀመረ። ሽቦው በግንብ ተተካ፤ ግንቡም በየጊዜው እየተጠናከረ ሄዶ በ1970ዎቹ አጋማሽ 3 ሜትር ከ60 የሚደርስ ከፍታ ባላቸው የኮንክሪት አካላት መሠራት ጀመረ። በምዕራብ በርሊን ዙሪያ የተዘረጋው ድንበር በአጠቃላይ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ግንቡ ለፎቶግራፍ ብቻ የቆመ አልነበረም። ጉዳዩን ያጠኑ የታሪክ ባለሙያዎች እንደሚሉት ቢያንስ 140 ሰዎች በግንቡ ላይ ወይም ከድንበር ጥበቃው ጋር በተያያዘ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ የ18 ዓመቱ ፒተር ፌሽተር ነበር። በኦገስት 17 ቀን 1962 ሊሻገር ሲሞክር ተመትቶ ከግንቡ ሥር ወደቀ። ከወዲህም ከወዲያም ሰው እያየው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ደሙ ሲፈስ ቆይቶ ሞተ።

ከግንቡ በስተምዕራብ የቀረችው ከተማ ለመኖሪያነት የምትመረጥ አልነበረችም። ኩባንያዎች ወጥተዋል፤ አዛውንት በዝተዋል፤ ኢኮኖሚዋ የቆመው ከምዕራብ ጀርመን መንግሥት በሚላክ ድጎማ ነው። ሆኖም አንድ ለየት ያለ ሕግ ነበራት። ከተማዋ በአሸናፊዎቹ ኃይሎች ሥር ስለነበረች፣ ነዋሪዎቿ የሆኑ ወጣቶች ለምዕራብ ጀርመን ጦር አይመለመሉም። በዚህ የተነሣ ከውትድርና የሸሹ ተማሪዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ሙዚቀኞችና ከተለመደው ኑሮ ያፈነገጡ ሰዎች ወደ ከተማዋ ጎረፉ። የቤት ኪራይ ርካሽ ነበር፤ ሌሊቱም ረጅም። ሌላው ዓለም የፈራት ከተማ ለእነርሱ ነፃነት ሆነች።

ከሎስ አንጀለስ የሸሸው ሰው

በ1947 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ሮበርት ጆንስ ተብሎ የተወለደው ዴቪድ ቦዊ፣ በ1976 ወደ በርሊን ሲገባ ዝናው በዓለም የናኘ ኮከብ ነበር። ኑሮው ግን ከዝናው ጋር አልሄደም። በሎስ አንጀለስ ያሳለፋቸው ወራት በኮኬይን ሱስ ሰውነቱ ከስቶ፣ እንቅልፍ አጥቶና ጥርጣሬ ወርሶት የኖረባቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን የሠራውን “ስቴሽን ቱ ስቴሽን” የተሰኘ አልበም ቀረጻ እንኳ በቅጡ እንደማያስታውስ በኋላ ተናግሯል።

ከዚያ ለመውጣት የመረጠው መንገድ ዝናው የማይከብድበት ቦታ ፈልጎ መሄድ ነበር። በሾነበርግ ሰፈር፣ ሃውፕትሽትራሰ በተባለ ጎዳና ቁጥር 155 ላይ፣ ከመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ያለ አፓርታማ ተከራየ። እንደ እርሱ ከሱስ ጋር የሚታገለው አሜሪካዊው ሮከር ኢጊ ፖፕም አብሮት ገባ። ቦዊ በከተማዋ በብስክሌት ይዘዋወራል፣ በሰፈር ካፌዎች ይቀመጣል፣ ሥዕል ይሥላል፣ ሙዚየም ይጎበኛል። በርሊናውያን የራሳቸው ሸክም ስለነበረባቸው ይሁን ስለ ኮከብ ግድ ስላልነበራቸው፣ ማንም አያስጨንቀውም። ከሱስ የተላቀቀው በአንድ ጀንበር አልነበረም፤ መጠጡም ቀጥሎ ነበር። ይሁንና ራሱ ደጋግሞ እንደመሰከረው፣ ሰው ሆኖ መኖርን እንደገና የተማረው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነጥብ አለ። ቦዊ ከ1977 እስከ 1979 ያወጣቸው ሦስት አልበሞች፣ “ሎው”፣ “ሂሮስ” እና “ሎጀር”፣ በጥቅሉ “የበርሊን ሦስትዮሽ” ይባላሉ። “ሎው” ግን በአብዛኛው የተቀዳው በፈረንሳይ ሲሆን በርሊን ውስጥ የተጠናቀቀ ነው። “ሎጀር” ደግሞ በስዊዘርላንድና በኒው ዮርክ ነው የተሠራው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በርሊን ውስጥ የተቀዳው “ሂሮስ” ብቻ ነው። ከተማዋ በሙዚቃው ላይ ምን እንዳደረገች ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመር ያለበትም ከእርሱ ነው።

የግንበኞች አዳራሽ

ሃንዛ ስቱዲዮ ያለበት የኮተነር ጎዳና ሕንፃ በ1913 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ያሠራው የበርሊን የግንባታ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ትልቁ አዳራሽ “ማይስተርዛል”፣ ማለትም “የሊቃነ ሙያ አዳራሽ”፣ ይባላል። ስሙን ያገኘው ሙያቸውን ጠንቅቀው ያወቁ ግንበኞች የማዕረግ የምስክር ወረቀት ይቀበሉበት ስለነበር ነው። ታሪክ ሲገለባበጥ፣ ለግንበኞች ክብር የተሠራው አዳራሽ በዘመኑ እጅግ ከተጠላው ግንብ አጠገብ ራሱን አገኘው።

አዳራሹ ከጣሪያው ከፍታና ከስፋቱ የተነሣ በውስጡ የተሰማ ድምፅ ቶሎ አይሞትም። ጥቂት ይቆያል፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። የዘመኑ ስቱዲዮዎች ግን በተቃራኒው ማሚቶን በሚውጡ ጠባብ ክፍሎች የተሠሩ ነበሩ። ቦዊ እና ቪስኮንቲ ይህን ሰፊ ክፍል እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቆጠሩት።

ከእነርሱ ጋር የነበሩት ሙዚቀኞች ከተለያየ ዓለም የመጡ ናቸው። ጊታሪስቱ ካርሎስ አሎማር፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆርጅ መሪ እና ድራመሩ ዴኒስ ዴቪስ ሥራቸው ከጥቁር አሜሪካውያን የሶልና የፈንክ ሙዚቃ ጋር የተቆራኘ ነበር። ብሪታንያዊው ብራያን ኢኖ ደግሞ ሲንተሳይዘሩን የሚጫወተው ዜማ ለማውጣት ብቻ ሳይሆን የሌሎችን ድምፅ ለማጣመምና ለመለወጥ ነበር። ከኒው ዮርክ ተጠርቶ የመጣው ሮበርት ፍሪፕ ከረጅም በረራ በኋላ ጊታሩን አውጥቶ፣ ቀድሞ ሰምቷቸው በማያውቃቸው ዘፈኖች ላይ መጫወት ጀመረ። አልበሙ ሙከራዊ የተባለው በዚህ ቅይጥ ነው። ከሥሩ የሚያስጨፍር ምት አለ፤ ከላዩ ደግሞ ስሙ እንኳ በውል የማይታወቅ ድምፅ ይንሳፈፋል።

በመስኮት የታየው መሳሳም

የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ሙዚቃው አልቆ ለሳምንታት ግጥም አልነበረውም። ቦዊ በዚያ ወቅት ግጥሙን አስቀድሞ ጽፎ የመምጣት ልማዱን ትቶ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ እዚያው የመፍጠርን ስልት ይሞክር ነበር። አንድ ቀን ብቻውን ሆኖ ለመጻፍ ስለፈለገ ቪስኮንቲን ጥቂት እንዲተወው ጠየቀው። ቪስኮንቲ ለአልበሙ በአጃቢነት ከዘፈነችው ከአንቶኒያ ማስ ጋር ሊናፈስ ወጣ። ሁለቱ በግንቡ አቅራቢያ ቆመው ሲሳሳሙ ቦዊ በመስኮት አያቸው።

ሲመለሱ ግጥሙ ተገኝቷል። በግንቡ ሥር የሚገናኙ፣ ጥይት ከራሳቸው በላይ እየተተኮሰ የሚሳሳሙ ሁለት ፍቅረኞች የዘፈኑ ልብ ሆኑ። ቦዊ ለብዙ ዓመታት ሁለቱን የማያውቃቸው ወጣቶች አድርጎ ያቀርባቸው ነበር። ቪስኮንቲ በጊዜው ባለትዳር ስለነበር ምስጢሩን ጠብቆለታል። ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ቦዊም ቪስኮንቲም እውነቱን በይፋ ተናግረዋል።

መስኮቱ ብቸኛው ምንጭ አልነበረም። ቦዊ የሚወደው አንድ ሙዚየም በበርሊን ዳለም ሰፈር ይገኛል። “ብሩከ” የተሰኘው ይህ ሙዚየም በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተነሡ የጀርመን ኤክስፕሬሽኒስት ሠዓሊያንን ሥራዎች የያዘ ነው። ኦቶ ሙለር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሣለው፣ በግንቦች መካከል የተቃቀፉ ፍቅረኞችን የሚያሳይ ሥዕል በቦዊ አእምሮ ውስጥ እንደነበር ይነገራል። ጃፓናዊው ማሳዮሺ ሱኪታ ያነሣው የአልበሙ ሽፋን ፎቶግራፍም፣ እጆቹ በአየር ላይ ደርቀው የቀሩበት አቋሙ፣ የሌላው ሠዓሊ የኤሪክ ሄከል “ሮኬሮል” የተሰኘ ሥዕል ተጽዕኖ ያረፈበት ነው። ከተማዋ በመስኮት ያሳየችውንና በሙዚየሟ ያቆየችውን ቦዊ በአንድነት ተጠቅሞበታል።

ሦስት ማይክሮፎኖች

ዘፈኑን የሰማ ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል። ድምፃዊው ሲጀምር በጆሮ አጠገብ የሚናገር ያህል ዝግ ብሎ ነው፤ ሲጨርስ ግን ከሩቅ እየጮኸ ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

ቪስኮንቲ በአዳራሹ ውስጥ ሦስት ማይክሮፎኖችን አቆመ። የመጀመሪያው ከቦዊ አፍ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይርቅ ነው፤ ሁለተኛው ወደ 6 ሜትር፣ ሦስተኛው ወደ 15 ሜትር ገደማ ርቀው ተተከሉ። በሁለቱ ራቅ ባሉት ማይክሮፎኖች ላይ ድምፅ የተወሰነ ኃይል ሳይደርስ የማያሳልፍ መሣሪያ ተገጠመ። መሣሪያው እንደ ኬላ ዘበኛ ነው፤ ደካማውን ይመልሳል፣ ጠንካራውን ያሳልፋል። ቦዊ ለስለስ ብሎ ሲዘፍን የሚሰማው የቅርቡ ማይክሮፎን ብቻ ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሁለተኛው ይከፈታል። ኃይሉን ሁሉ አውጥቶ ሲጮኽ ደግሞ ሦስተኛው ተከፍቶ የአዳራሹ ማሚቶ ሙሉ በሙሉ ይገባል።

ውጤቱ ከቴክኒክ ያለፈ ትርጉም አለው። ዘፋኙ ክፍሉን የሚከፍተው በጉልበቱ ነው። ለመሰማት መጮኽ አለበት፤ በጮኸ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ የራቀና ብቸኛ የሆነ ይመስላል። በግንብ የታጠረ ሰው ወደ ማዶ ሲጣራ የሚሰማው ልክ እንዲህ ነው።

በዘፈኑ ላይ ያለማቋረጥ የሚያላዝነው የጊታር ድምፅም የዚያ አዳራሽ ልጅ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ወደ ማጉያው ሲቀርብ ራሱን በራሱ እየመገበ የማያባራ ጩኸት ያወጣል። ፍሪፕ ይህን ጩኸት ወደ ዜማ ለወጠው። የትኛው ኖታ ከማጉያው በምን ያህል ርቀት እንደሚዘልቅ ለይቶ፣ በወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረገ። ከዚያ ከምልክት ወደ ምልክት እየተራመደ ተጫወተ። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የቀዳውን ቪስኮንቲ ሦስቱንም አንድ ላይ ደርቦ አሰማቸው፤ ኢኖም በመሣሪያው አልፎ ድምፁን አቀለመው። ያ ሁሉ እርምጃ ሰፊ ወለል ይጠይቃል።

ቃል የሌለው የከተማ ካርታ

የሸክላው ሁለት ገጾች እንደ ከተማዋ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። በመጀመሪያው ገጽ ያሉት አምስት ሥራዎች ግጥም ያላቸው፣ የሚጮኹና የሚፈጥኑ ዘፈኖች ናቸው። ሁለተኛው ገጽ በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው። አንድ ሙዚቃ ወደሚቀጥለው እየተሸጋገረ፣ ባዶ ጎዳና ላይ በሌሊት እንደሚደረግ ጉዞ ይፈስሳል።

“ሴንስ ኦቭ ዳውት” (የጥርጣሬ ስሜት) የተሰኘው ሥራ አፈጣጠሩ ራሱ ስለ ከተማዋ የሚናገር ይመስላል። ኢኖ ከሠዓሊው ፒተር ሽሚት ጋር ያዘጋጃቸው፣ በላያቸው የአሠራር መመሪያ የተጻፈባቸው ካርዶች ነበሩት። እርሱና ቦዊ እየተፈራረቁ በሙዚቃው ላይ ከመሥራታቸው በፊት አንድ አንድ ካርድ አወጡ፤ የደረሳቸውንም አንዱ ለሌላው አልነገረም። ሲጨርሱ ካርዶቻቸውን አወዳደሩ። የአንዱ ካርድ ሁሉንም ነገር አመሳስል የሚል መንፈስ ሲኖረው፣ የሌላው ልዩነትን አጉላ የሚል ነበር። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁበት አንዱን ሥራ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቱት ቆይተዋል። በሙዚቃው ውስጥ የሚሰማው እልባት ያጣ ውጥረት የመጣው ከዚህ ነው።

“ኖይኮልን” የተባለው ሥራ ስሙን ያገኘው ከምዕራብ በርሊን የሠራተኞች ሰፈር ነው፤ ቦዊ የሰፈሩን ስም ሲጽፍ አንድ ፊደል ገድፏል። ግንቡ ከምሥራቅ ይመጡ የነበሩ ሠራተኞችን ሲያስቀር የምዕራብ በርሊን ፋብሪካዎች ከቱርክ ሠራተኞችን ማስመጣት ጀመሩ፤ ብዙዎቹም በኖይኮልንና በክሮይዝበርግ ሰፈሩ። ቦዊ በዚህ ሥራ ላይ የሚነፋው ሳክስፎን የምሥራቅ ዜማ ቃና አለው። መጨረሻው ላይ ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ሲሉ ሳክስፎኑ ብቻውን እየተጣራ ይቀራል። አገሩን ጥሎ በባዕድ ከተማ የሚኖር ሰው ትርጉሙን ለመረዳት ቃል አያስፈልገውም።

ትእምርተ ጥቅሱ ምን ይላል?

የአልበሙ ርዕስ በሽፋኑ ላይ የታተመው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ነው። ይህ ትንሽ ምልክት ቸል የሚባል አይደለም። ቦዊ ጀግና የሚለውን ቃል እንዳለ እንዳንቀበለው፣ ጥቂት ተጠራጥረን እንድናየው ይጠይቃል።

በርሊን በጀግንነት ስም ብዙ የከፈለች ከተማ ናት። ናዚዎች ወጣቶቿን ጀግና እያሉ ለሞት ልከዋል። ከጦርነቱ በኋላም በግንቡ በስተምሥራቅ የቆመው ሥርዓት ድንበሩን የሚጠብቁትን ወታደሮች ጀግኖች ይላቸው ነበር። በዚህ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ጀግና መዝፈን አደገኛ ነገር ነው። ስለዚህ የቦዊ ጀግኖች ሐውልት የሚቆምላቸው አይደሉም። አንዱ ጠጪ እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮናል፤ ፍቅራቸውም እንደማይዘልቅ ያውቁታል። ድላቸው ለአንድ ቀን ነው። ሆኖም ያችን ቀን እፍረቱ የእነርሱ ሳይሆን የማዶው ወገን መሆኑን አውቀው፣ ግንቡ ሥር ቆመው ይሳሳማሉ። ዘፈኑ የሚለው ግንቡ ይፈርሳል አይደለም። ግንቡ ባይፈርስም ሰው ሰው ሆኖ ሊውል ይችላል ነው።

አልበሙ በኦክቶበር 14 ቀን 1977 ለገበያ ሲቀርብ ይህ መልእክት ሰሚ የሚያገኝበት ጊዜ አልነበረም። ከአንድ ቀን በፊት አንድ የሉፍታንዛ አውሮፕላን ተጠልፎ ነበር። ጠላፊዎቹ የጠየቁት “የቀይ ጦር አንጃ” የተሰኘው የምዕራብ ጀርመን የትጥቅ ቡድን እስረኞች እንዲፈቱ ነበር። አውሮፕላኑ የመጨረሻ ማረፊያው ሞቃዲሾ ሆነ፤ የምዕራብ ጀርመን ልዩ ኃይልም በኦክቶበር 18 ሌሊት ታጋቾቹን እዚያው አስለቀቀ። በዚያው ሰሞን ሶማሊያና ኢትዮጵያ በኦጋዴን ይዋጉ ነበር፤ ምሥራቅ ጀርመንም ከደርግ ጎን ቆማ ነበር። በርሊንን የከፈለው ቀዝቃዛ ጦርነት በአፍሪካ ቀንድ ፈጽሞ ቀዝቃዛ አልነበረም።

አልበሙ በብሪታንያ ሠንጠረዥ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ዘፈኑ ለብቻው ሲወጣ ግን ከ24ኛ ደረጃ አላለፈም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ዜማ በዚያን ጊዜ መጠነኛ ተቀባይነት ብቻ ነበረው። ዝናውን ያገኘው ቀስ በቀስ ነው፤ አንዱ ምዕራፍም የተጻፈው በተወለደበት ግንብ አጠገብ ነው።

ድምፅ ግንቡን ሲሻገር

በጁን 6 ቀን 1987 ቦዊ ወደ ምዕራብ በርሊን ተመልሶ፣ በአሮጌው የፓርላማ ሕንፃ በራይሽስታግ ፊት ለፊት በተዘጋጀ የሙዚቃ ድግስ ላይ ቀረበ። መድረኩ ለግንቡ እጅግ የቀረበ ስለነበር ድምፁ ወደ ምሥራቅ ይሻገራል። ሙዚቃው በራዲዮም ተሰራጭቶ ነበር። በማዶ የምሥራቅ በርሊን ወጣቶች ለመስማት ተሰበሰቡ። ቦዊ በጀርመንኛ በግንቡ ማዶ ላሉ ወዳጆች ሰላምታ አቀረበ፤ “ሂሮስ”ንም ዘፈነ። በኋላ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ከማዶ የሚያስተጋባ የሰው ድምፅ ይሰማው እንደነበርና፣ በሕይወቱ እንደዚያ ስሜቱን የነካው መድረክ እምብዛም እንደሌለ ተናግሯል።

የሙዚቃ ድግሱ ለሦስት ምሽቶች የቀጠለ ነበር። በምሥራቁ በኩል ሊያዳምጡ የመጡትን ወጣቶች ፖሊስ ሊበትን ሲሞክር ግጭት ተነሣ፤ ወጣቶች ታሰሩ፤ ግንቡ ይውደቅ የሚል ጩኸትም ተሰማ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በዚያው ከተማ ግንቡ እንዲፈርስ የጠየቁበትን ንግግር ያደረጉት ከቀናት በኋላ፣ በጁን 12 ነው።

ቦዊ በጃንዋሪ 10 ቀን 2016 ሲሞት የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግንቡ እንዲወድቅ ስላደረገው አስተዋጽኦ በይፋ አመስግኖታል። በዚያው ዓመት በኖረበት የሃውፕትሽትራሰ ቤት ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተለጠፈ።

ግንቡን ያፈረሰው ማን ነው?

ምስጋናው ያማረ ነው፤ ነገር ግን በልኩ ሊያዝ ይገባል። ከቦዊ የራይሽስታግ ዝግጅት ሃያ ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1989 ሌሊት፣ ክሪስ ጉፍሮይ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ግንቡን ሊሻገር ሲሞክር በጥይት ተገደለ። በግንቡ ላይ በጥይት የሞተ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ጥይቱ ከፍቅረኞቹ ራስ በላይ አልፎ ይሄዳል። በግንቡ ላይ ግን ጥይቱ ሰው ያገኝ ነበር።

ግንቡን ያፈረሱት በዚያው ዓመት መኸር በላይፕሲግና በሌሎች ከተሞች ባዶ እጃቸውን አደባባይ የወጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች፣ በሞስኮ የተለወጠው ፖለቲካ እና ኖቬምበር 9 ምሽት በቴሌቪዥን የሰሙትን ይዘው ወደ ኬላዎቹ የተመሙ የምሥራቅ በርሊን ነዋሪዎች ናቸው። በቦርንሆልመር ጎዳና ኬላ የነበሩ ጠባቂዎች ሕዝቡን መመለስ ሲያቅታቸው በሩን ከፈቱ። ያን ሌሊት ድልድዩን የተሻገሩት ሰዎች ስም በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። ለአንድ ቀን ጀግኖች ነበሩ፤ በማግሥቱ ብዙዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የአልበሙ ጥንካሬም እዚሁ ላይ ነው። ሙዚቃ ኮንክሪት አይሰብርም። ግንብ የሚያስተምረውን ትምህርት ግን ሊያፈርስ ይችላል። ግንብ ሰውን የሚያስተምረው ማዶ ያለው ጠላት እንደሆነና ድምፁም ከአጥሩ እንደማያልፍ ነው። ቦዊ ከማማው ወታደሮች ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሦስቱንም ማይክሮፎኖች የሚያስከፍት ጩኸት ጮኸ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከማዶ መልስ ሰማ።

ቦዊ በ66ኛ ዓመት ልደቱ ዕለት፣ በጃንዋሪ 8 ቀን 2013፣ ሳይታሰብ አንድ ዝግ ያለ ዘፈን አወጣ። በዚያ ዘፈን በዕድሜ የገፋ ሰው በርሊንን ያስታውሳል፤ በዘመኑ ባዶ ሜዳ ሆኖ የሚያውቀውን ፖትስዳመር ፕላትስን እና በ1989 ሕዝቡ የተሻገረበትን ድልድይ በስም ይጠራል። ዛሬ ፖትስዳመር ፕላትስ በከፍተኛ ሕንፃዎች ተሞልቷል። ከሃንዛ ስቱዲዮ መስኮት ማማውን ማየት አይቻልም፤ የግንቡ መስመር በከተማዋ ብዙ ቦታዎች ላይ በመንገድ በተነጠፈ የድንጋይ ረድፍ ብቻ ይታወቃል። የማይስተርዛል አዳራሽ ግን አሁንም ቆሟል። በውስጡ የተጮኸ ድምፅም እንደ ድሮው ቶሎ አይሞትም።